አብሾና የላቦራቶሪ አይጥ

በአገራችን አንድ ሰው ጠጅ ቀምሶ ጠባዩ ሲለወጥ «አብሾ አለበት» ይባላል። እንደሚታወቀው አብሾ በቀድሞው ዘመን የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው፣ ቅኔ እንዲፈልቅለት ብሎ የሚጠጣው መድኃኒት ነበር። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በቅኔ ቤቱ ሁሉ ወሬው አይጠፋም። የጠጣው ሰው ዕድሜ ልኩን ከመጠጥ እንዲርቅ ይመከራል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቅመሙ የአስተናግር ዘር ነው።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ባለፈው የፈተና ሰሞን እዚህ ኦቤትስ፣ ኮሎምበስ አጠገብ፣ ልጄ «አባዬ፣ ጓደኞቼ ለጥናት አዴራል ይውጣሉ፤ እኔስ ብሞክር?» አለኝ። አዴራል አምፌታሚን ያለበት እንክብል ነው። እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም አንድ ዕቃ እንዴት እንደተሞከረ ሳልጠይቅ አልገዛምና ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ላሽሊ ጥቂት ስትሪክኒን የተሰጣቸው አይጦች የተጠላለፈ መንገድ ቶሎ እንደተማሩ ጻፈ። ስትሪክኒን ደግሞ አይጥ የሚገደልበት መርዝ ነው! በ1981 ሪቻርድ ሞሪስ፣ አይጥ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የተደበቀ መቆሚያ የምትፈልግበትን ገንዳ አስተዋወቀ። የማስታወስ መድኃኒት የሚፈትሹ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ አይጧን አስቀድመው ስኮፖላሚን ይወጓታል። ይህ ቅመም አሴቲልኮሊን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ሥራ ያግዳል፤ አይጧም መቆሚያውን ትስታለች።

ስኮፖላሚን ከሚገኝባቸው ዕፅዋት አንዱ ያው አስተናግር ነው! አባቶቻችን ለማስታወስ የጠጡትን ፈረንጅ አይጥ ያስረሳበታል። በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው የአልዛይመር መድኃኒት ዶኔፔዚል የሚሠራው በተቃራኒው፣ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ነው።

ይህን የምለው ሊቃውንቱን ለማናናቅ አይደለም። አብሾ የጠጣ ተማሪ ሲሳካለት መድኃኒቱ ተመሰገነ፤ ሳይጠጣ ሊቅ የሆነውንና ጠጥቶ ያበደውን ግን ማንም አልቆጠረም። ላቦራቶሪው የሚበልጠን በዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ያልተሰጣትንም አይጥ ይቆጥራል።

ለልጄ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነገርኩት። ትምህርት አልገባ ብሎት ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ የኮበለለው ያሬድ፣ እንደሚተረከው፣ ዛፍ ላይ ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የተሳካላትን ትል አይቶ ተመለሰ። ልጄ ሳቀና «ትሏ እኮ ነገ ፈተና የለባትም» አለኝ።

«ሐኪም ያዘዘለት ይዋጥ፤ አንተ ግን በማን ሕመም ነው የምትታከመው?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳብኝም። ያልጠየቁንስ ልጆች? በዚህ ላይ ብንወያይ መልካም ነው።

ቸር ያሰማን።