ውሃ ሲጠጣ የሚነሳ የውሻ ሳል
ውሃ ወደ አየር ቧንቧ ሲያመልጥ ወይም የተቆጣ ጉሮሮን ሲነካ የሚታይ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ተጣድፎ የጠጣ ውሻ አንድ ሁለቴ አስሎ ከተወው አያሳስብም። የሚደጋገመው ሳል ግን ከተላላፊ የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ በትናንሽ ዝርያዎችም ከአየር ቧንቧ መጥበብ ሊመጣ ይችላል።

በደሴ ዙሪያ፣ እንደ ገራዶ ባለ ገጠር፣ ከምንጭና ከወንዝ የሚጠጣ ውሻ ሲያስል አልቅትም መጠርጠር አለበት። ከውሃው ጋር ገብቶ አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ይጣበቅና ደም ይመጥጣል፤ ደም የቀላቀለ ንፍጥ ወይም ምራቅ ያጋልጠዋል።

ከሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጉሮሮን ሽባ ስለሚያደርግ ውሻው መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ባለቤቱም አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለዋል። እንዲህ ሲሆን እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ፤ ውሻውን ከሰው ለይተው በፍጥነት ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ።