ሸክላው ፓሪስ ገባ፣ ካሴቱ ኪዮስክ ቀረ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ማኅበሩ በመብቱ እምብዛም ሳይሠራበት ሃያ ዓመት አለፈ። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ትእዛዙን ከምንም ሳይቆጥር የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ አሳትሞ ገበያ ላይ አዋለ። ሲታሰር ግን አልታየም።

ነገሩ ከንግድም በላይ ነበር። የዘመኑ ዘፋኞች የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ ከፖሊስ ኦርኬስትራ። ሸክላው አለቃቸው ያልሆነ አድማጭ አመጣላቸው፤ ከኪሱ አውጥቶ የሚገዛ፣ ካልጣመው የሚተው። አምሃ እስኪሰደድ ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አሳትሟል።

ታዲያ ስንቱ ሰማው? ማጫወቻ ያለው ከተሜ፣ ቡና ቤትና የምሽት ክበብ የሚገባው። ገጠሩ የለበትም።

በ1974 አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። አምሃ በ1975 አሜሪካ ገባ። የምሽቱ ሕይወት ተዳከመ እንጂ ጨርሶ አልሞተም፤ በር ተዘግቶባቸው እስኪነጋ የሚጨፍሩ ነበሩ፣ ምክንያቱም ከመንጋቱ በፊት ወጥቶ ቤት መግባት አይቻልም። ያን ጊዜ ነው ካሴት የተስፋፋው። ርካሽ ነው፣ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ባለመብቱን አከሰረ፤ ዘፈኑን ግን አውቶቡስ ላይ፣ ጠላ ቤት፣ ወታደር ካምፕ አደረሰ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ተማርኮ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 የማሕሙድ ሥራ ቤልጅግ ውስጥ ታተመ፣ በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ፓሪስ ላይ ተጀመረ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ አስገባና አድማጩ በዓለም ዙሪያ በዛ። ፋልሴቶ ባይደርስ ብዙ ሸክላ አቧራ በልቶት ይቀር ነበር፤ ምስጋናው ይገባዋል።

ነገር ግን «ወርቃማው ዘመን» የሚለው ስያሜ ከሸክላው ጋር አብሮ የተጣበቀ ነው፤ የሰብሳቢ ጆሮ የለካው። ከ1975 ወዲህ ያለው እንደ ውድቀት ይተረካል። በአድማጭ ብዛት ከተመዘነ ግን ትረካው ይገለበጣል፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊውን ዘፈን የያዘው በካሴት ነው። ደርግን ማመስገን አይደለም፤ ሳንሱሩም ስደቱም እውነት ነው።

የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ቀርቶ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በ1985 የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በየኪዮስኩ ካርቶን ውስጥ የቀሩት ሌሎቹ ካሴቶች ፊልማቸው ከዓመት ዓመት እየተበላሸ ነው። አብዛኞቹ ዋና ቅጂ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚጠይቅ የለም።