የሲስተሮቹ ብልሃት ለምን አልተጻፈም?

የሕክምና ታሪካችን ሲጻፍ ሆስፒታሉ የተመረቀበት ቀን አለ፣ የመጀመሪያው ሐኪም ስም አለ፣ የለጋሹ አገር ስምም አይቀርም። አልጋው አጠገብ ያደረችው ነርስ ምን ዘዴ እንደፈጠረች ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። በዚህ የመገናኛ በዓል መጽሔታችን ላይ ስለ እሱ ትንሽ ላንሳ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ነገሩን ከሞጣ ልጀምረው፤ ሠርቼበታለሁና አገሩን አውቀዋለሁ። ሞጣ ከደጀን በቢቸና አድርጎ ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ላይ ናት፤ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወደ ደብረ ታቦር በኩል የሚሄድ ሰው ዓባይን ይሻገር የነበረው ሰባራ ድልድይ ላይ ነው። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሕዝቡ ክፍተቱን ያልፍ የነበረው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ነው።

ምጥ የጠናባት ሴት በእንዲህ ያለ አገር ሐኪም ቤት እስክትደርስ ስንት ቀን እንደሚያልፍ አስቡት። የሕፃኑ ጭንቅላት ለቀናት ሲጫን በብልቷና በሽንት ፊኛዋ መካከል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ቀዳዳ ይፈጠርና ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ፊስቱላ የምንለው ይህ ነው። በ2005 የባሕር ዳሩ የሃምሊን ማዕከል እስኪከፈት ድረስ፣ የጎጃም ሴት ለዚህ ሕመም ያላት ዋነኛ ተስፋ አዲስ አበባ ነበር።

አዲስ አበባ ደግሞ ማሚቱ ጋሼ ነበረች። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነው። በ1962 ማሚቱ እዚያው ሆስፒታል ገባች፤ ለቀናት አምጣ ልጇ ሞቶባት፣ እሷም ፊስቱላ ይዟት። ፊደል አልቆጠረችም። ትንሽ ስታገግም አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ ቀጥሎ በኦፕሬሽን ክፍል ሐኪሙን ማገዝና መሣሪያ ማቀበል። እያለች እያለች ቀዳዳውን ራሷ የምትሰፋ፣ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን የምታሠለጥን ሆነች። በ1989 ለንደን ካለው የንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሃምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመች።

እኔን ከሜዳልያው ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሃምሊኖቹ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ሲመሠርቱ ከረዳት ነርሶቹ አብዛኞቹ እዚያው የታከሙ ሴቶች ሆኑ። ላይ ላዩን ሲሰሙት የቸርነት ሥራ ይመስላል፤ ሐኪም ሆኖ ላየው ግን የሕክምና ብልሃት ነው። ፊስቱላ ከተሰፋ በኋላ ካቴተሩ ለሁለት ሳምንት ገደማ ሳይዘጋ መውረድ አለበት። ከተዘጋ ፊኛው ይሞላል፣ ስፌቱ ይለቃል፣ ያ ሁሉ ልፋት መና ይቀራል። እንግዲህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቱቦውን ማን ነቅቶ ያያል? ሽንቷ እንዳይበዛ ብላ ለዓመታት ውኃ ስትሸሽ የኖረችን ሴት «ጠጪ» ብሎ ማሳመን ለእኛ ለሐኪሞች ከባድ ነው። «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» የምትላት ረዳት ነርስ ግን ታጠጣታለች።

ውጭ አገርም እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። ዴንማርካዊቷ ነርስ ኤሊሰ ሶረንሰን፣ ሆዷ ላይ የሰገራ መውጫ የተሠራላት እህቷ ከቤት መውጣት ስታፍር አይታ፣ በ1954 ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ከረጢት አሰበች። ዛሬ በየዋርዱ የምናውቀው ኮሎስቶሚ ባግ የዚያ ልጅ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በሮችፎርድ ሆስፒታል ሲስተር ጂን ዋርድ ጨቅላዎቹን ፀሐይ ላይ ታወጣ ነበር። በ1956 አንዱን ቢጫ የሆነ ሕፃን ለሐኪሞቹ ገልጣ አሳየች፤ ቢጫነቱ ደምቆ የቀረው በአንሶላው ጫፍ በተሸፈነው ቆዳ ላይ ብቻ ነበር። የፎቶቴራፒ መብራት ከዚያች እይታ ተነሣ። በ1958 ጥናቱ በላንሴት መጽሔት ሲወጣ የሦስት ደራሲዎች ስም አለበት፤ የእሷ ከሦስቱ አንዱ አይደለም።

እኛስ ጋ? በየወረዳው የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሃይላንድ ጠርሙስ በጋለ ሽቦ በስታ አስም ለያዘው ሕፃን ስፔሰር የምታደርግ ሲስተር አትጠፋም። ይህ ዘዴ በ1999 ከደቡብ አፍሪካ በታተመ ጥናት በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ተፈትኖ ከፋብሪካው እኩል ሠርቷል፤ ግን የቀዳዳው ዙሪያ በሙጫ ሲደፈን ነው። ሳይደፈን ጥቅሙ ይቀንሳል። ልብ በሉ፣ ቁም ነገሩ ሙጫው ላይ ነው፤ ያንን ያወቅነው የለካና የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። ጓንት በሙቅ ውኃ ሞልቶ ከጨቅላ ጎን ማስቀመጥም የዋርድ ዘዴ ነው፤ እሱ ግን ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ያልተጻፈ ብልሃት ሲጠቅም አይስፋፋም፣ ሲጎዳም አይታረምም። ሲስተሯ በዝውውር ስትሄድ አብሯት ይሄዳል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንም ለእናንተ ለጓደኞቼም የምለው ቀላል ነው። ራውንድ ላይ «ይህን ማን አሰበው?» ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም። መልሱ በስምና በቀን ደብተር ላይ ይግባ። ይሠራል ከተባለ ይለካ፤ ሲታተም ደግሞ ስሟ ከእኛ ስም ጋር ይሰለፍ። የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ያጡ ተማሪዎቻችንም ደብተሩን ይግለጡት። ማሚቱን ዓለም ያወቃት አብረዋት የሠሩት ሐኪሞች ስሟን ስለጠሩ ነው። የሞጣና የቢቸና ሲስተሮችም ስም አላቸው። በሚቀጥለው መጽሔታችን ላይ ቢያንስ የአንዷን ስም ከነብልሃቷ አንብበን እንገናኝ።