ሙያ በልብ፣ ሒሳብ በደብተር

የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ወይም የብረት በር ያሠራ የከተማ ነዋሪ አንድ ታሪክ አያጣም፡፡ ቀብድ ይከፈላል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ቀኑ ሲደርስ ‹‹ለቅዳሜ›› ይባላል፡፡ ቅዳሜ ሲኬድ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በሳምንቱ ደግሞ ረዳቱ ታሟል፡፡ ደንበኛው ‹‹ባለሙያ ቃል የለውም›› ብሎ ይደመድማል፡፡ በእኔ እምነት ግን በአብዛኛው የጎደለው ቃል ሳይሆን ዕቅድ ነው፡፡

ዕቅድ ሲባል ምን ማለት ነው?

‹‹ስትራቴጂያዊ ዕቅድ›› ሲባል ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ራዕይና ተልዕኮ ትዝ ይለናል፡፡ ለአንድ አናጢ ወይም በያጅ ግን ነገሩ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፡፡ ምን ዓይነት ሥራ፣ ለማን፣ በምን ዋጋ፣ በማን ገንዘብና በየትኛው ሕጋዊ ቅርጽ እንደሚሠራ አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው፡፡ ሰው ተቀጥሮ ሲሠራ እጁ ይበቃዋል፡፡ የራሱን ቤት ሲከፍት ግን ሥራው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ መሥራት፣ ሌላው ማስተዳደር፡፡

ቀብዱ የማን ነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ የሥራው ዋጋ 100 ሺሕ ብር፣ ቀብዱ 50 ሺሕ ብር ነው እንበል፡፡ ዕቃው 60 ሺሕ፣ የረዳት ደመወዝ፣ ኪራይ፣ መብራትና ማጓጓዣ 25 ሺሕ ብር ይፈጃሉ፡፡ ለባለሙያው የሚተርፈው 15 ሺሕ ብር ነው፡፡ ባለሙያው ቀብዱን እንደተቀበለ ለልጆች ትምህርት ቤትና ለዕቁብ 20 ሺሕ ብር ቢያወጣ፣ ለዕቃ መግዣ 30 ሺሕ ብር ይጎድለዋል፡፡ ጉድለቱን የሚሞላው በሁለተኛው ደንበኛ ቀብድ፣ የሁለተኛውን በሦስተኛው ነው፡፡ አዲስ ትዕዛዝ የቀዘቀዘ ዕለት ሰንሰለቱ ይበጠሳል፡፡ እጅ ላይ ያለው ገንዘብ ገና ያልተሠራ ሥራ ዕዳ መሆኑ የሚታየው በደብተር ሲሰፍር ብቻ ነው፡፡

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል፡፡ በምሳሌአችን ውስጥ ይህ 100 ሺሕ ብር፣ ማለትም የሥራው ሙሉ ዋጋ ነው፡፡ ስለዚህ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ወይስ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፡፡ ለዕቃ መግዣ የሚሆነውን በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥም ይገባል፡፡

ዋጋና ጊዜ

በርካታ ባለሙያዎች ዋጋ ሲሰጡ ዕቃውን አስልተው ጥቂት ይጨምሩበታል፤ የራሳቸውን ደመወዝና የማሽናቸውን እርጅና አያስቡም፡፡ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም አይናገሩም፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ፡፡ ከውጭ በሚመጣ ብረት ወይም ኤምዲኤፍ የሚሠራ ሰው፣ በሰኔ ተዋውሎ ዕቃውን ሳይገዛ ከቆየ ለኪሳራ የተጋለጠ ነበር፡፡ ‹‹ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ15 ቀን ነው›› የምትል አንዲት መስመር ብዙ ጣጣ ታድናለች፡፡

ሕጋዊ ቅርጽና ብድር

በግሉ የንግድ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ሰው የንግዱ ዕዳ የራሱ ዕዳ ነው፤ ተጠያቂነቱ በሥራ ቤቱ ዕቃ ብቻ አይወሰንም፡፡ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ቀድሞ ያልነበረውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል፡፡ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤትና መኪና የሌለው ሰው የሥራ ማሽኑን ለብድር ዋስትና የሚያቀርብበትን የሕግ መሠረት ጥሏል፡፡ ሁለቱም ግን የሚጠቅሙት ደረሰኙን ላስቀመጠና ገቢና ወጪውን ለመዘገበ ሰው ነው፡፡ አበዳሪ የእጅን ጥበብ አይቶ ብቻ ገንዘብ አይሰጥም፡፡

አንባቢም ድርሻ አለው፡፡ ዋጋ አስቀንሶ፣ ያለ ጽሑፍ ውል ገንዘብ አስጨብጦ የሚሄድ ደንበኛ የዚያው ሰንሰለት አካል ነው፡፡ ክፍያን በሥራው ደረጃ መከፋፈል ሁለቱንም ይጠብቃል፡፡ ሥራ ቤቱ የተዘጋ ዕለት ደንበኛው ቀብዱን፣ ረዳቶቹ እንጀራቸውን፣ ከተማውም ዓመታት የፈጀ ሙያ ያጣሉና፡፡ ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ሒሳብ ግን በደብተር ነው፡፡