ስማርት ስልክ እጅ በእጅ ወይስ በዱቤ? ከውል በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በሚያቋርጣቸው በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች የሞባይል መሸጫ ሱቆች ተበራክተዋል። ስማርት ስልክ የሚፈልገውም የከተማ ነዋሪው ብቻ አይደለም። ድንቹን ለነጋዴ የሚያስረክበው የባንጃ ገበሬ፣ ማሩን ይዞ ዳንግላ የሚወጣው ንብ አናቢ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ሁሉ የሚፈልገው ዕቃ ሆኗል። ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። በዚህም የተነሳ ስልክን በዱቤ ወስዶ ዋጋውን በየዕለቱ ወይም በየወሩ መክፈል አማራጭ ሆኖ ቀርቧል።

የትኛው ያዋጣል የሚለውን ለመመለስ ሁለት ነገሮችን መመርመር ያስፈልጋል። አንደኛው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከኪስ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ገዢው ገንዘብ የሚያገኝበት ወቅት ከመክፈያው ጊዜ ጋር መግጠም አለመግጠሙ ነው። በተለይ ሁለተኛው በገበሬው ዘንድ የሚያመጣው ልዩነት ከፍተኛ ነው።

የግዢ መንገዶቹ

እጅ በእጅ ግዢ ግልጽ ነው። ገዢው ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ስልኩን ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ ዕዳም ሆነ ውል አይኖርበትም። የፈለገውን ሲም ካርድ ማስገባት፣ ሲቸግረው መሸጥ፣ ለልጁ መስጠትም ይችላል።

የዱቤ ግዢ ደግሞ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ደንበኛው ከቴሌኮም ኩባንያ ጋር የሁለት ዓመት ውል ገብቶ ስልኩን በርካሽ የሚወስድበት መንገድ ነበር። ርካሽነቱ ግን በመልኩ ብቻ ነበር፤ የስልኩ ዋጋ በወርሃዊው የአገልግሎት ሒሳብ ውስጥ ተደብቆ ይከፈል ነበር። ቲ ሞባይል የተባለው ኩባንያ በ2013 እ.ኤ.አ. የስልኩን ዋጋ ከአገልግሎቱ ሒሳብ ለይቶ ማስከፈል ሲጀምር ሌሎቹም ተከተሉት። ደንበኞችም ለስልኩ ምን ያህል፣ ለመስመሩ ምን ያህል እንደሚከፍሉ ለይተው ማየት ቻሉ።

ሁለተኛው መልክ በምሥራቅ አፍሪካ የተስፋፋው ነው። የኬንያው ሳፋሪኮም ከጉግል ጋር በመተባበር በ2020 እ.ኤ.አ. የጀመረው "ሊፓ ምዶጎ ምዶጎ" ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ትርጉሙ በስዋሂሊ "ጥቂት በጥቂት ክፈል" ማለት ነው። አገልግሎቱ ሲጀመር ደንበኛው በቀን 20 የኬንያ ሽልንግ እየከፈለ ስማርት ስልክ ይይዝ ነበር። እዚህ ላይ ዋስም ሆነ የመሬት መያዣ አይጠየቅም፤ መያዣው ራሱ ስልኩ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ ስልኩ ከርቀት ይቆለፋል።

በሀገራችን የሞባይል ደንበኛው በአብዛኛው አስቀድሞ ሒሳብ ሞልቶ የሚጠቀም በመሆኑ የስልክ ቀፎ ግዢና የመስመር ግዢ ለየብቻ ሆነው ኖረዋል። ይህን መለወጥ የጀመረው የሞባይል ገንዘብ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ከዳሽን ባንክ ጋር በመሆን አነስተኛ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ጨመረበት። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤምፔሳን አስከተለ። የደንበኛው የገንዘብ እንቅስቃሴ በስልክ ቁጥሩ ሲመዘገብ፣ ያንን አይቶ ማበደርና ክፍያውን በየጊዜው መሰብሰብ ቀላል ይሆናል። ቀፎን በዱቤ መስጠትም የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ሒሳቡ በምሳሌ ሲታይ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው በቀረበለት ዋጋ ተክቶ ሊያሰላቸው ይችላል።

እጅ በእጅ 12 ሺህ ብር የሚሸጥ ስልክ አለ እንበል። በዱቤ ሲወሰድ ቅድሚያ ክፍያው 3 ሺህ ብር፣ ከዚያም ለ365 ቀናት በየቀኑ 40 ብር ነው። አርባ ብር ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ሲደመር ግን 14 ሺህ 600 ብር ይሆናል። ከቅድሚያ ክፍያው ጋር ጠቅላላው 17 ሺህ 600 ብር ነው። ገዢው ለመዘግየቱ 5 ሺህ 600 ብር ጨምሮ ከፈለ ማለት ነው።

ገዢው የተበደረው ቀሪውን 9 ሺህ ብር ብቻ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በዚህ ላይ 5 ሺህ 600 ብር ሲጨመር 62 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዕዳው ደግሞ በየቀኑ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ በገዢው እጅ የቆየው የሰው ገንዘብ የዘጠኙ ሺህ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የዓመቱ ትክክለኛ ወለድ ከ100 በመቶ ይበልጣል። የዕለት ክፍያ ትንሽ መሆኑ ብድሩን ርካሽ አያደርገውም።

ይኸው 9 ሺህ ብር ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ከባንክ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተገኝቶ በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ቢመለስ፣ ወለዱ 1 ሺህ 620 ብር ይሆን ነበር። ስለዚህ የስልክ ዱቤ ከመፈረሙ በፊት አባል የሆኑበትን ማኅበር ወይም የሚቆጥቡበትን ባንክ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

ገቢው መቼ ይገባል?

በቀን የሚከፈል ዱቤ በቀን ገቢ ለሚያገኝ ሰው የተሠራ ነው። በእንጅባራ መናኸሪያ ለሚሠራ የባጃጅ አሽከርካሪ ወይም በዳንግላ ለሻይ ቤት ባለቤት በየማታው 40 ብር መክፈል ይቻል ይሆናል። በየወሩ ደመወዝ ለሚያገኝ ሠራተኛም በወር የሚከፈለው ይስማማዋል።

የገበሬው ገንዘብ ግን በወቅት የሚመጣ ነው። የመኸር ሰብል የሚሸጠው ከታኅሣሥ ወዲያ ነው። በመስኖ ድንች የሚያለማ ሁለተኛ ወቅት ይኖረዋል። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ዲከረንስ ተክሎ ለከሰል የሚያውል ገበሬ ደግሞ ዛፉ እስኪደርስ ዓመታት ጠብቆ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። በአንጻሩ ግንቦትና ሰኔ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ገንዘብ የሚወጣባቸው፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚሳሳባቸው ወራት ናቸው። በምሳሌያችን የሐምሌና የነሐሴ 60 ቀናት ክፍያ ብቻ 2 ሺህ 400 ብር ነው። በቀን የሚቆጠር ውል ለክረምቱ አያዝንም፤ ጳጉሜንንም አይዘልም።

እንዲህ ባለው ሁኔታ የገበሬው የተሻለ አማራጭ ምርቱን በሸጠበት ሳምንት እጅ በእጅ መግዛት ነው። በዱቤ መውሰድ ግድ ከሆነም ከምርት በኋላ ባሉት ወራት ተጠናቆ የሚያልቅ አጭር ውል መምረጥ ይጠቅማል።

ስልኩ ሲቆለፍ

ክፍያ የተቋረጠበት ስልክ ከርቀት ሲቆለፍ ስክሪኑ የክፍያ ማሳሰቢያ ብቻ ያሳያል። በውስጡ ያለው ፎቶ፣ የደንበኞች ስልክ ቁጥርና መልእክት አይከፈትም። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስም ቁልፉን አያነሣውም።

ሆኖም የቴሌብርም ሆነ የኤምፔሳ ሒሳብ የተያያዘው ከስልክ ቁጥሩ ጋር እንጂ ከቀፎው ጋር አይደለም። ሲም ካርዱን አውጥቶ በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ በማስገባት፣ ለምሳሌ በቴሌብር *127# በመደወል ገንዘብን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ስለዚህ ስማርት ስልክ የገዛ ሁሉ አሮጌውን ትንሽ ስልክ ባይጥል መልካም ነው።

ያገለገለ ስልክ የሚገዛም መጠንቀቅ አለበት። ዱቤው ያላለቀ ስልክ በርካሽ ተሸጦ፣ ገዢው ቤቱ ገብቶ ከኢንተርኔት ጋር ሲያገናኘው ሊቆለፍበት ይችላል። ይህ በትክክል ዕዳ ከሜዳ ነው። ያገለገለ ስልክ ሲገዙ በሻጩ ፊት ኢንተርኔት አስከፍቶ ማየት፣ *#06# ደውሎ የሚወጣውን የመለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር፣ የሻጩንም መታወቂያ መመልከት ያስፈልጋል።

ዕቁብና ቁጠባ

በዱቤና በእጅ በእጅ መካከል ሕዝባችን የቆየ መንገድ አለው፤ እርሱም ዕቁብ ነው። 12 ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ በየወሩ አንዱ 12 ሺህ ብር ያወጣል። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ የቆጠበ ያህል ነው። በአንድ የገበያ ቀን የሚገናኙ ሰዎች ክፍያውን ምርት ከሚሸጥባቸው ወራት ጋር አስማምተው ሊያደራጁት ይችላሉ። የዕቁብ መድኅኑ መተማመንና ዋስ ነው፤ ሁለቱ በሌሉበት ገንዘብን ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል።

መጠበቅ የሚጎዳበት ጊዜ

ዱቤ ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ስልክ ከውጭ በሚገባ ዕቃ፣ ወይም ከውጭ በመጣ አካል ተገጣጥሞ የሚሸጥ በመሆኑ ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ወቅት ገንዘብ ቆጥቦ መጠበቅ ያሰበ ሰው ዕቃው ሸሽቶታል።

በምሳሌያችን ዱቤው ከመጠበቅ የሚሻለው የስልኩ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ47 በመቶ በላይ ቢጨምር፣ ወይም ስልኩ ራሱ በዓመት ከ5 ሺህ 600 ብር በላይ ተጨማሪ ገቢ ቢያስገኝ ነው። በስልኩ ሥራ የሚቀበል፣ ዕቃ የሚያሻሽጥ ወይም የገበያ ዋጋ አይቶ የሚሸጥ ሰው ይህን አስልቶ መወሰን ይችላል። ለመዝናኛ ብቻ የሚፈልገው ግን ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ስማርት ስልኩ ያስፈልጋል ወይ?

ከመግዛት በፊት በሚኖሩበት ቀበሌ የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ስፍራ ውዱ ስልክ ከመደወያነት አያልፍም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበረም አይዘነጋም። ስለዚህ አገልግሎት ሲቋረጥ ዱቤው ይቆማል ወይስ ይቀጥላል የሚለው በውሉ ውስጥ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ብዙ ጠቃሚ አገልግሎት በተራ ስልክም ይገኛል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው 8028 የገበሬዎች የነፃ መስመር በአማርኛና በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች የአዘራርና የአመራረት ምክር በድምፅ ይሰጣል። ለዚህ ስማርት ስልክ አያስፈልግም።

የገዢው መብት

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ ደረሰኝም እንዲሰጠው መብት ይሰጠዋል። ዕቃው ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝም በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ግን መብቱን ማስረዳት ይቸግረዋል። ከሻጩ ጋር ካልተስማሙ አቤቱታው የሚቀርበው ለወረዳው ወይም ለከተማው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ነው። ቅሬታው በቴሌኮም አገልግሎት ላይ ሲሆን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. እጅ በእጅ ብከፍል ዋጋው ስንት ነው? በዱቤ እስከ መጨረሻው የምከፍለው ጠቅላላ ገንዘብስ ስንት ነው?
2. በጠቅላላው ውስጥ ወለድ፣ የአገልግሎት ክፍያና መድን ተካትቷል ወይስ ለብቻው ይጨመራል?
3. አንድ ቀን ወይም አንድ ወር ባልከፍል ምን ይሆናል? ቅጣቱ ስንት ነው? ስልኩስ ከስንት ቀን በኋላ ይቆለፋል?
4. ምርት ስሸጥ ቀድሜ ብከፍል ቅናሽ አለው?
5. የሌላ ኩባንያ ሲም ካርድ ይቀበላል?
6. ስልኩ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ዕዳው ይቀጥላል?
7. ዕዳው ሲያልቅ ቁልፉ መነሣቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይሰጠኛል?

መልሶቹ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሊሰጡ ይገባል። ማንበብ የሚቸግረው ሰው ውሉን ለሚያምነው ሰው አስነብቦ፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ ቢፈርም ይመረጣል። ዛሬ ተፈርሞ ካልሆነ ነገ አይገኝም የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ጠቅላላውን ዋጋ ደግሞ መጠየቅ ይገባል።