የበቅሎ ዋጋ፣ የመኪና ዋጋ

በጎጃም ለብዙ ዘመን የቅንጦት መጓጓዣ ማለት በቅሎ ነበረች። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ነው፤ ሩቅ መንገድ የሚሄድ መኳንንት ግን ፈረሱን በሎሌ አስጎትቶ እሱ በቅሎ ላይ ይቀመጣል። እርምጃዋ አያንገላታም፣ አቀበቱንም ቁልቁለቱንም ታውቅበታለች። ስለዚህ ጥሩ የኮርቻ በቅሎ ከፈረስ በላይ ታወጣ ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሳው የወር ክፍያውን ብቻ አይተው ዘመናዊ መኪና ላይ ልባቸው ለተንጠለጠለ እኩዮቼ ነው። የቅንጦት መጓጓዣ ዋጋ አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በቅሎ ከአህያና ከባዝራ ትወለዳለች፤ ራሷ ግን አትወልድም። ላም የገዛ ሰው ወተቱንም ጥጃውንም ያገኛል። በቅሎ የገዛ ሰው ግን እሷ ስታረጅ እጁ ላይ የሚቀረው ኮርቻው ነው። በዛሬ ቋንቋ «ቀሪ ዋጋ» የሌላት ንብረት ነች። በዚያ ላይ ገብሷ፣ ጠባቂዋ፣ ያጌጠ ኮርቻዋና ልጓሟ አለ። ትልቅ ሰው በበቅሎ ብቻውን አይሄድም፤ ጋሻ ጃግሬው፣ ነፍጥ ተሸካሚው፣ በእግሩ የሚሮጠው አሽከር ሁሉ ይከተሉታል። ሁሉም ይበላል። አጀቡ ካነሰ ክብሩም ያንሳል። እንግዲህ በቅሎዋ የተገዛችበት ብር ከጠቅላላ ወጪው ትንሹ ነበር ማለት ነው።

ወጪውን ማን ይከፍላል? ገባሩ። እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በሀብታቸው ስማቸው የገነነ ነበር፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር አውሮፓን ከጎበኙት መኳንንት አንዱም ናቸው። የዚያ ሀብት ምንጭ ግን በቡሬና በዳሞት ገጠር እያረሰ ግብር የሚያስገባው ገበሬ ነበር። የጌታው ምቾት በእሱ ጫንቃ ላይ ነው የሚሄደው።

በቅሎ የሌለው ገበሬስ? ይዋሳል። ሙሽራዋ በበቅሎ ካልሄደች ሠርጉ ሠርግ አይመስልም፤ ስለዚህ ካለው ዘመድ ወይም ከባላባቱ ቤት ይለመናል። አያቴ ስለዚህ ስታወራ «የተዋሷት በቅሎ አታስተኛም» ትል ነበር። ብትሰበር ወይም ጅብ ቢበላት ዕዳው የተዋሰው ነው። በደህና ብትመለስም ውለታው አለ፤ በአጨዳ ጊዜ ሄዶ ማጨድ ነው። ወረቀት የለም እንጂ ነገሩ ኪራይ ነው፤ የአንድ ቀን ድምቀት በብዙ ቀን ጉልበት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለውም ለከንቱ አይደለም።

መኪናና በቅሎ በእኛ አገር የተፈራረቁት ቀስ ብለው ነው። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው በበላያ ተራራ በኩል ወደ ቡሬ ሲመጡ የጭነት መኪኖቹ መንገድ በሌለው ቆላ ተቸግረዋል፤ ስንቅና ጥይት የጫኑት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎችም አብዛኞቹ በየመንገዱ አልቀዋል። ጣሊያን ቡሬን የለቀቀው በየካቲት መጨረሻ ነው። ቀድሞ ውጀት ይባል የነበረው ከተማም «ፍኖተ ሰላም» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚያ ድል በኋላ ነው ይባላል። መጓጓዣ ካልመጣበት አገርና መንገድ ጋር ሲገናኝ ዋጋው የት እንደሚደርስ ያ ዘመቻ አሳይቷል።

ዛሬ በፍኖተ ሰላም ጎዳና ኪራይ ማለት በአብዛኛው ባጃጅ ነው። ሹፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ «ገቢ» ያስገባል፤ ነዳጁ የራሱ ነው፤ ጎማውና ጥገናው የማን እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገራሉ። ያልተነጋገሩ ይጣላሉ። በሕግ ደረጃ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103 አለ። እሱ ግን ለሥራ መሣሪያ የታሰበ ነው፤ ለትራክተር፣ ለወፍጮ፣ ለፋብሪካ ማሽን። በልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ ተከራዩ 20 በመቶ ያዋጣል፣ የቀረውን ማሽኑ ሠርቶ ይከፍላል። የቅንጦት መኪና ግን ሠርቶ አይከፍልም።

ዋጋውስ? በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ የቤት መኪና 100 በመቶ ኤክሳይስ ተጣለበት። ወደብ ላይ 1,000,000 ብር የሆነ መኪና እንውሰድ። 35 በመቶ ጉምሩክ ሲጨመር 1,350,000፣ ኤክሳይሱ ሲመጣ 2,700,000፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 3,105,000፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደርስ 3,415,500 ብር ይሆናል። አንዱ ግብር በሌላው ላይ እየተሰላ አንድ ሚሊዮኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ ፊቱ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ።

አዲስ የቅንጦት መኪና በወር ክፍያ መከራየት የተለመደ ነገር የሚሆነው ዘመዶቻችን በሚኖሩበት አሜሪካ ነው። ማስታወቂያው «በወር 800 ዶላር» ይላል። እስቲ እንደ ባጃጁ ገቢ እናስላው። መኪናው 60,000 ዶላር ነው እንበል፤ ከ36 ወር በኋላ ቀሪ ዋጋው 33,000 ይገመታል፤ ወለዱ በዓመት 6 በመቶ አካባቢ ነው። 800 የሚለው ቁጥር የሚመጣው መጀመሪያ 6,000 ዶላር ከከፈላችሁ ነው። ያንን ለ36 ስታካፍሉት የወሩ ክፍያ ወደ 967 ይወጣል። ውሉ በዓመት 12,000 ማይል ፈቅዶ እናንተ 15,000 ብትነዱ፣ በትርፉ ማይል 25 ሳንቲም ሂሳብ በሦስት ዓመት 2,250 ዶላር ይመጣል። አሁን በወር 1,030 ሆነ። ታክሱ፣ ሙሉ ኢንሹራንሱ፣ የውል ማስጀመሪያውና የመመለሻው ክፍያ ገና አልተቆጠረም። ከ37,000 ዶላር በላይ ከፍላችሁ ቁልፉን ትመልሳላችሁ።

ይህ ማለት ሊዝ ማታለያ ነው ማለት አይደለም። በየሦስት ዓመቱ አዲስ መኪና የሚፈልግና ወጪውን አውቆ የሚገባበት ሰው የሚጠቀምበት ጊዜ አለ። ችግሩ 800ን አይቶ ለ1,030 የሚፈርመው ጋ ነው። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ በየወሩ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ይላክ ከነበረው ብር ነው። የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የማዳበሪያ ዋጋ ናት። በራስ ኃይሉ ዘመን የጌታውን በቅሎ የሚቀልበው ሩቅ ያለው ገበሬ ነበር። ዛሬም ውሉ ላይ ስሙ ያልተጻፈ፣ መኪናውን በዓይኑ ያላየ ሰው ክፍያውን ሊካፈል ይችላል።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት የወሩን ክፍያ በወራቱ ቁጥር አባዙት፣ መጀመሪያ የሚከፈለውን ጨምሩበት፣ ማይሉንና ኢንሹራንሱን ደምሩበት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይህን በቅሎ የሚቀልበው ማን ነው?