ካሊብሬሽን በዲጂታል መልቲሜትር (ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ)

ካሊብሬሽን የአንድን መለኪያ ንባብ፣ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ የበላይ መለኪያ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን መመዝገብ ነው። የተዛባውን ንባብ ማረም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ ነው። ለኤሌክትሪክና ለኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች አዘውትሮ የበላይ መለኪያ የሚሆነው ዲጂታል መልቲሜትር ነው። ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን በአንድ ዕቃ ስለሚለካና በቦርሳ ስለሚያዝ፣ ከቤተ ሙከራ ለራቁ ከተሞች እጅግ ይጠቅማል። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችው ሰቆጣ ከእነዚህ አንዷ ናት።

በኢትዮጵያ የልኬት ሰንሰለቱ የሚጀምረው አዲስ አበባ ካለው የሥነ-ልክ ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ የቆመው በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ሲከፈል ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ቮልትም ሆነ ኦም የቆሙት በተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች፣ ማለትም በፕላንክ ቋሚና በኤሌክትሮን ቻርጅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሰቆጣ በመኪና 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሆስፒታል ወይም የማሠልጠኛ ወርክሾፕ መሣሪያ ሁሉ ይህን መንገድ በየዓመቱ ሊመላለስ አይችልም፤ አንድ መልቲሜትር ግን ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አሠራር፣ አንድ ጥሩ መልቲሜትር ለይቶ የምስክር ወረቀት ማሰጠት፣ ለዕለት ጥገና ሳያወጡ በሣጥኑ ማስቀመጥና ሌሎቹን በእሱ መፈተሽ ነው።

የበላይ የሚባለው መለኪያ የስሕተት ወሰን ከሚፈተሸው መሣሪያ ቢያንስ በአራት እጥፍ መጥበብ አለበት። 12 ቮልት የሚሰጥ፣ የተፈቀደለት ስሕተት 0.1 ቮልት የሆነ ፓወር ሰፕላይ እንውሰድ። ስሕተቱ 0.5 በመቶ ሲደመር 2 አሃዝ የሆነ ርካሽ መልቲሜትር በ20 ቮልት ሬንጅ እስከ 0.08 ቮልት ሊሳሳት ይችላል፤ በዚህ መፈተሽ ትርጉም የለውም። 0.05 በመቶ ሲደመር 1 አሃዝ የሆነው፣ ባለ 6000 ቆጠራ መልቲሜትር ግን ወሰኑ 0.016 ቮልት ነው፤ ከስድስት እጥፍ በላይ ስለሚጠብ ይበቃል።

የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በብዙዎቹ ማሞቂያዎች ከሕፃኑ ቆዳ ጋር የሚያያዘው የሙቀት ፕሮብ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 2252 ኦም፣ በ37 ዲግሪ 1355 ኦም የሚያሳይ ቴርሚስተር ነው። እዚህ ሙቀት ላይ የአንድ ዲግሪ ልዩነት 55 ኦም ገደማ ስለሚሆን ያ ርካሽ መልቲሜትር ራሱ ስሕተቱ ከ0.2 ዲግሪ አያልፍም። ለአንድ የገጠር ሆስፒታል ባለሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተበላሸ ፕሮብ ሕፃኑን ከማቃጠሉ ወይም ከማቀዝቀዙ በፊት በኪሱ ባለው መሣሪያ ሊያገኘው ይችላል።

ፒቲ 100 የሚባለው የፕላቲነም ፕሮብ ይህን ያህል አያመችም። በአንድ ዲግሪ የሚጨምረው 0.385 ኦም ብቻ ስለሆነ የመለኪያው ገመድ የራሱ ሬዚስታንስ ብቻ አንድ ዲግሪ ሊያሳስት ይችላል። ባለ አራት ገመድ ልኬት መጠቀም፣ ካልሆነም ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ የሚታየውን ቁጥር መቀነስ ያስፈልጋል። ፕሮቡን በሚፈላ ውኃ መፈተሽ የለመደ ሰው ደግሞ ሰቆጣ ላይ ይጠንቀቅ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2200 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ ፒቲ 100 በ100 ዲግሪ የሚያሳየውን 138.5 ሳይሆን 135.7 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ማረም ደህናውን መሣሪያ ማበላሸት ነው። በረዶና ውኃ የተቀላቀለበት ዕቃ ግን ከፍታው ቢለያይም ዜሮ ዲግሪን ይጠብቃል።

ከፍታው ደኅንነትንም ይነካል። የመለኪያ መሣሪያዎች የደኅንነት ደረጃ፣ አይ.ኢ.ሲ. 61010፣ መደበኛ የሚለው ሁኔታ እስከ 2000 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፤ ከ2001 እስከ 3000 ሜትር በኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት በ1.14 እንዲባዛ ደረጃው ያዛል። መልቲሜትሩ ላይ 1000 ቮልት የሚል ስለተጻፈ ብቻ በሰቆጣ እስከዚያ ድረስ መድፈር አይገባም፤ መመሪያው ከ2000 ሜትር በላይ መሥራት መፍቀዱን አስቀድሞ ማየት ያሻል።

ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ አበርገሌ ቆላ ሲወረድ ችግሩ ሙቀት ነው። የአብዛኞቹ መልቲሜትሮች የስሕተት ወሰን የተነገረው ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ላለ አየር ነው። ከዚህ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከተጻፈው ስሕተት አንድ አሥረኛ የሚጨምሩ አሉ። በ38 ዲግሪ ጥላ ሥር ስሕተቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በሶላርና በኢንቨርተር በሚሠሩ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ትሩ አር.ኤም.ኤስ. ያልሆነ መልቲሜትር ያሳስታል፤ የሚያሰላው ንጹሕ ሳይን ሞገድ ነው ብሎ ስለሆነ፣ ኢንቨርተሩ አራት ማዕዘን ሞገድ ሲሰጠው 220 ቮልቱን 244 ያደርገዋል።